ድስቱን የወሰደው አብዮት

ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል። ታሪክ ጸሐፊ ግን ብዙውን ጊዜ ዝሆኖቹን ነው የሚከተለው። ሁለት የቻይና ፊልም ሠሪዎች ካሜራቸውን ወደ ሣሩ አዞሩ፤ ጣጣውም ከዚያ መጣ።

ሰዎቹ ቲያን ዡዋንግዡዋንግና ዣንግ ይሙ ናቸው። ወጣትነታቸው ያለፈው ከ1966 እስከ 1976 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በዘለቀው የባህል አብዮት ነው። ዣንግ ያኔ በእርሻና በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲሠራ ከረመ። ሁለቱም በ1978 ቤጂንግ ፊልም አካዳሚ ገብተው በ1982 ተመረቁ።

የቲያን «ሰማያዊው ካይት» (1993) የአንዲት እናትና የልጇ ታሪክ ነው። ሠርጓ እንኳ በ1953 ስታሊን ስለሞተ ተላልፏል። በ1957 «ቀኝ ዘመሞችን» የማጋለጥ ዘመቻ መጣ፤ በመላ አገሪቱ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው የተፈረጀበት። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የሆነው ባሏ ከስብሰባ መሐል ሽንት ቤት ደርሶ ሲመለስ የሁሉም ዓይን እሱ ላይ ተተክሏል። አለቀ። ወደ ጉልበት ሥራ ካምፕ ተላከ፤ እዚያው ቀረ። በደርግ ዘመን «ሂስና ግለ ሂስ» የተቀመጠ አንባቢ ለዚህች ትዕይንት አስተርጓሚ አይፈልግም።

የዣንግ «መኖር» (1994) ደግሞ በቁማር ቤቱን የተበላ ሰው ታሪክ ነው። ቤቱን የበላው ሰውዬ ከ1949 በኋላ «ባለርስት» ተብሎ ይረሸናል፤ የተበላው ይተርፋል። በ1958 ብረት ይቅለጥ ተባለና ድስት ሳይቀር ከየቤቱ ተለቀመ። ቤተሰቡ አልተቃወመም። እንዲያውም አባትየው «ወደ ኋላ የቀረ» እንዳይባል ብሎ እንቅልፍ ያሸነፈውን ትንሽ ልጁን አዝሎ ለብረት ማቅለጡ ትምህርት ቤት አደረሰው። ልጁ ግንብ ሥር እንደተኛ የወረዳው ሹም መኪና ግንቡን ናደበት። ሹሙ ማን ሆኖ ቢገኝ ጥሩ ነው? የአባትየው የጦር ሜዳ ጓደኛ!

ሁለቱም ፊልሞች አገራቸው ውስጥ ታገዱ። ለምን? ፓርቲው ራሱ በ1981 ባወጣው ውሳኔ የባህል አብዮቱ ከባድ ስህተት ነበር ብሎ የለም እንዴ? ብሏል። ለቲያን ፊልም የተሰጠው ምክንያት ያለ ፈቃድ ውጭ አገር ታየ የሚል ነበር። እኔ ግን ነገሩ ከፈቃድ ይጠልቃል ባይ ነኝ። «ስህተት» ሲባል ጥፋቱ በጥቂት ክፉዎች ይላከካል፤ «አራቱ ወንበዴዎች» የተባሉትም ፍርድ ቤት ቀርበዋል። እነዚህ ፊልሞች ውስጥ ግን ክፉ ሰው ፈልጎ ማግኘት ያቅታል። በቲያን ፊልም ጠቋሚው ራሱ ነው ኋላ ተጸጽቶ መበለቲቱን የሚጦራት። በዣንግ ፊልም ገዳዩ ወዳጅ፣ ድስት ለቃሚው ደግሞ ደግ ጎረቤት ነው። ታዲያ ማን ይከሰስ?

ዣንግ በዚያው ዓመት ካን ላይ ተሸለመ። ቲያን ግን ቀጣዩን ፊልሙን ለማውጣት እስከ 2002 መጠበቅ ነበረበት።

«መኖር» ውስጥ እናትየው ለዚያ ሹም ስንት ዓመት ፊቷን ነሳችው። በባህል አብዮቱ እሱም በተራው ተዋርዶ ሞቱን ሲመኝ ግን ከቤቷ ወጣችና የአንድ ሰው ነፍስ ዕዳ እንዳለበት አስታወሰችው፤ ባለዕዳ ነውና መሞት አይችልም፣ መኖር አለበት። በየትኛውም የፓርቲ ውሳኔ ላይ እንዲህ ያለ ፍርድ አይገኝም።