በገናና ባስ ጊታር

ወፍራም ድምፅ ያለው የአውታር መሣሪያ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በጣና ገዳማት ሥዕሎች ንጉሥ ዳዊት በገና ሲደረድር ይታያል። የበገና ዐሥሩ አውታሮች ከበግ አንጀት ይፈተላሉ፤ በአውታሩና በበርኩማው መካከል የሚገባው ቁራጭ ቆዳ፣ ይኸውም እንዚራው፣ ድምፁን ያስነዝራል። ደርዳሪውም ያን እያስተካከለ ቃናውን ያበጃል።

አሜሪካዊው ሊዮ ፌንደር ባለአራት አውታሩን የኤሌክትሪክ ባስ በ1951 እ.ኤ.አ. ለገበያ አቀረበ፤ በዚህ መሣሪያ የብረቱን ንዝረት የሚቀበሉት ማግኔትና የሽቦ ጥቅልል ናቸው። የእኛም ባለሙያዎች ክራርን አግዝፈው፣ ከድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝተው፣ ባስ ክራርን አበጁ።

ዳሩ ግን በደርግ ዘመን፣ ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም.፣ በገና ከአደባባይ ርቆ ደርዳሪው ተመናምኖ ነበር። መሣሪያ የሚጠፋው አውታሩ ሲበጠስ ሳይሆን አዋቂው ሳይተካ ሲቀር ነው። ስለዚህ የባሕር ዳር ወጣት ባስ ሲገዛ የአንገቱን ቅንነት እንደሚመረምር፣ የሐይቁም እርጥበት እንዳይጎዳው እንደሚጠነቀቅ ሁሉ፣ ለአያቶቹ በገናም ይጠንቀቅ።