የኃይል አለመኖር ፍተሻ

በግንባታ ቦታ ሽቦ ከመነካቱ በፊት ኃይል እንደሌለበት በመሣሪያ የሚረጋገጥበት አሠራር ነው። ብሬከር ማውረድ ብቻውን አይበቃም፤ ጊዜያዊ መስመር በተዘረጋበት ሕንፃ ያው ሽቦ ከሌላ ፓነል ወይም ከጄኔሬተር ኃይል ሊያገኝ ይችላል። ብሬከሩ ይቆለፋል፤ ቁልፉም ወደ ሠራተኛው ኪስ ይገባል።

ሕይወት የሚያድነው ግን ቀጥሎ ያለው፣ በጥድፊያ የሚዘለለው ሥራ ነው። መለኪያው መጀመሪያ ኃይል እንዳለው በሚታወቅ ሶኬት ላይ ይሞከራል፤ በኢትዮጵያ 220 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት። ከዚያ ሽቦው ይለካል፦ ፌዝ ከኒውትራል፣ ፌዝ ከኧርዝ፣ ኒውትራል ከኧርዝ። ወዲያው መለኪያው ወደ ሶኬቱ ይመለሳል፤ በመሃል ተበላሽቶ ከሆነ ያሳየው ዜሮ ውሸት ነውና። ቴስተር ካቻቢቴ ለዚህ አይታመንም።

ኃይል እንደሌለ ከተረጋገጠ በኋላ የሚደረገው የኢንሱሌሽን ፍተሻ ደግሞ ራሱ ወደ ሽቦው 500 ቮልት ዲሲ ይልካል፤ ስለዚህ ረጅም ኬብል ቻርጁን እስኪለቅ ጫፉ አይነካም።