የበሬ ሥጋ ደህንነት በጣና ዳርቻ፦ ከግጦሽ እስከ ቅርጫ

በጣና ሐይቅ ዙሪያ የከብት እርባታ ከእርሻ ሥራ ተነጥሎ አይታይም። በሬ ለዓመታት ካረሰ በኋላ ደልቦ ለሥጋ ይቀርባል። ከሐይቁ በስተምሥራቅ ያለው የፎገራ ሜዳ መገኛው የሆነው የፎገራ ከብት ለወተት፣ ለሥጋና ለእርሻ ጉልበት ያገለግላል። በባሕር ዳር አቅራቢያ የሚገኘው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከልም ዝርያውን በመጠበቅና በማሻሻል ላይ ሲሠራ ቆይቷል።

በአካባቢው ሥጋ ወደ ተመጋቢው የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በቄራ ታርዶና ተመርምሮ በሥጋ ቤት የሚሸጠው ሲሆን ሁለተኛው ጎረቤታሞች በጋራ ገዝተው የሚከፋፈሉት ቅርጫ ነው። ሥጋው በጥሬው የመበላት ልማድ ስላለ የእንስሳው ጤንነት በቀጥታ የተመጋቢው ጤንነት ይሆናል። በመሆኑም የሥጋ ደህንነት ጥንቃቄ ከዕርድ ቀን ሳይሆን ከግጦሽ መሬት መጀመር ይኖርበታል።

የኮሶ ትል እንዴት ይተላለፋል?

የበሬ ኮሶ ትል ሕይወቱን የሚመራው በሰውና በከብት መካከል እየተመላለሰ ነው። ትሉ ያደገበት ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል በሣርና በውሃ ላይ ይበተናል። ከብት ሲግጥ ወይም ሲጠጣ እንቁላሉን ይወስዳል፤ ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭም ወደ ጡንቻ ዘልቆ በ10 ሳምንት ገደማ ሰውን ለመያዝ ዝግጁ የሆነ ትንሽ ውሃ አዘል ከረጢት ይሆናል። ይህን ሥጋ በጥሬው ወይም በደንብ ሳይበስል የበላ ሰው ትሉን በአንጀቱ ያሳድጋል፤ ትሉም በርካታ ሜትር ይረዝማል።

ትሉ የሚያድገው በሰው አንጀት ውስጥ ብቻ በመሆኑ ዑደቱን የመቁረጥ ቁልፉም በሰው እጅ ነው። መጸዳጃ ቤት መጠቀምና የኮሶ ምልክት ያለበት ሰው በጤና ተቋም መታከሙ ከብቱንም ሰውንም ይጠብቃል። የኮሶ ዛፍ አበባን ጨምሮ በባህላዊ መንገድ የሚወሰድ መድኃኒት መጠኑ ስለማይታወቅ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል፤ በባለሙያ የሚታዘዘውን መድኃኒት መውሰድ ተመራጭ ነው።

ረግረጋማ ግጦሽ እና የጉበት ትል

የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው በሚያጥለቀልቋቸው ሜዳዎች ላይ የጉበት ትልን የሚያስተላልፉ ትናንሽ ቀንድ አውጣዎች ይራባሉ። ትሉ ከብቱን ያከሳል፣ ወተቱን ይቀንሳል፤ የተጎዳ ጉበትም በምርመራ ጊዜ ይወገዳል። ከብትን ከረግረግ ማራቅ፣ በደረቅ ቦታ ማጠጣትና በእንስሳት ጤና ባለሙያ ምክር በወቅቱ ማከም ይመከራል። በበጋ ወራት የሩዝ ገለባን ከኑግ ፋጉሎ ወይም ከፉርሽካ ጋር አቅርቦ በቤት መቀለብም ከብቱ ወደ ረግረግ እንዳይወርድ ይረዳል። የሻገተ መኖ ግን ለከብት አይሰጥም።

አባ ሰንጋ

አባ ሰንጋ ከብትን በድንገት የሚገድልና ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ነው። በዚህ በሽታ የሞተ እንስሳ ብዙ ጊዜ ከአፍንጫው፣ ከአፉና ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም ይፈሰዋል። እንዲህ ያለ እንስሳ አይገፈፍም፣ አይበለትም፣ ሥጋው አይበላም። ሬሳው ሲከፈት ተሕዋስያኑ አፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት የሚቆይ ዘር ስለሚፈጥሩ የግጦሽ መሬቱ ይበከላል። ዋናው መከላከያ ዓመታዊ ክትባት ነው።

መድኃኒት የተሰጠው ከብት

ማንኛውም ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት የተሰጠው ከብት መድኃኒቱ ከሰውነቱ እስኪወጣ ድረስ መታረድ የለበትም። የሚጠበቀው ጊዜ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ስለሚለያይ አርቢው የታከመበትን ቀን መዝግቦ መያዝና ለገዢው መንገር ይገባዋል። የታመመን በሬ መርፌ አስወግቶ ወዲያው ለገበያ ማውጣት ችግሩን ወደ ተመጋቢው ማሻገር ነው።

የዕርድ ምርመራ

የሥጋ ምርመራ በኢትዮጵያ በ1970 እ.ኤ.አ. በወጣው አዋጅ ቁጥር 274 ሕጋዊ መሠረት አግኝቷል። በቄራ እንስሳው በቁሙ ይታያል፤ ከታረደ በኋላም የመንጋጋ ጡንቻው፣ ምላሱ፣ ልቡና የትከሻ ጡንቻው ለኮሶ እጭ፣ ሳንባውና በዙሪያው ያሉት ዕጢዎች ለሳንባ ነቀርሳ ይፈተሻሉ። እጭ በብዛት የተገኘበት ሥጋ ይወገዳል፤ ጥቂት የተገኘበት ከዜሮ በታች በ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለ10 ቀናት ቀዝቅዞ ሊለቀቅ ይችላል። ሆኖም ጥቂት እጮች ከዓይን ሊያመልጡ ስለሚችሉ የተመረመረ ሥጋም በጥሬው ሲበላ ከስጋት ነጻ አይደለም።

ቅርጫ ግን ብዙውን ጊዜ ያለ ምርመራ ይከፋፈላል። ለፋሲካም ሆነ ለሌላ በዓል በሹም አቦም ሆነ በሌሎች የባሕር ዳር ሰፈሮች ቅርጫ የሚገቡ ቤተሰቦች የሚከተሉትን ቢፈጽሙ ጉዳቱን ይቀንሳሉ፦

• የከሳ፣ የሚያስል ወይም የሚያነክስ በሬ አለመግዛት፤
• ከተቻለ ዕርዱን በቄራ ማስፈጸም፤ ካልተቻለ የእንስሳት ጤና ባለሙያ እንዲያየው ማድረግ፤
• በሥጋው ውስጥ የሩዝ ፍሬ የሚያክል ነጭ ከረጢት ከታየ ሥጋውን በጥሬው አለመብላት፤
• ውሃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት ለውሻ አለመስጠት፤ መቅበር ወይም ማቃጠል፤
• ቢላዋና መክተፊያን በሳሙናና በፈላ ውሃ ማጠብ።

በቤት ውስጥ

ሚጥሚጣ፣ አዋዜ፣ ሎሚም ሆነ አረቄ የኮሶን እጭ አይገድሉም። ለብ ለብ ያለ ክትፎም እንዲሁ አስተማማኝ አይደለም። እጩ በእርግጠኝነት የሚሞተው ሥጋው እስከ መሃሉ ሲበስል ነው፤ ለቁራጭ ሥጋ 63፣ ለተፈጨ ሥጋ 71 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚመከር የሙቀት መጠን ነው።

ከብት በድንገት ሲሞት ወይም በመንጋው ውስጥ ያልተለመደ ሕመም ሲታይ ሬሳውን ሳይነኩ ለቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ወይም ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ወዲያውኑ ማሳወቅ ያስፈልጋል። የታመመ እንስሳ ሥጋ የነካ ወይም የበላ ሰው የቆዳ ቁስል ወይም ትኩሳት ከታየበት ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድና ስለ እንስሳው ለሐኪሙ መናገር ይገባዋል።