ሞላላው ገበቴ

ስለ ሜሪ ሮዝ የሚጽፉ ሁሉ ከንጉሡ ይጀምራሉ። የእንግሊዙ የሄንሪ ስምንተኛ የጦር መርከብ ነበረች፤ በ1545 እ.ኤ.አ. ፖርትስመዝ አጠገብ ሰጠመች፣ በ1982 አካሏ ከባሕር ወጣ። እኔን የገረመኝ ግን መድፏ ሳይሆን ከውስጧ የተገኘው የእንጨት ሳህንና ገበቴ ነው። መኮንኖቹ ፒውተር በሚባል የቆርቆሮ ቅይጥ ሳህን ሲበሉ፣ ተራው መርከበኛ በእንጨት ነበር የሚበላው።

የዚያ ዘመን ገበቴ የሚሠራው በደረቅ እንጨት አልነበረም። ባለሙያው እርጥቡን ግንድ በመጥረቢያ ለሁለት ይሰነጥቃል፤ መሰንጠቅ የሚወደውን እምብርቱን ጠርቦ ይጥላል። ከዚያ ቶርኖ ላይ ያወጣዋል። ቶርኖ ስል የዛሬው የኤሌክትሪኩ አይምሰላችሁ! ከላይ እንደ ቀስት የሚለመጥ ረዥም ዘንግ አለ፤ ከዘንጉ የወረደው ገመድ ሥራውን የያዘው እንዝርት ላይ ተጠምጥሞ ከእግር መርገጫ ጋር ይታሰራል። ሲረግጡት እንጨቱ ወደ ፊት፣ ሲለቁት ወደ ኋላ ይዞራል። መሮው የሚቆርጠው ሲረገጥ ብቻ ነው። በእግር ጉልበት ደረቅ እንጨት መፋቅ መከራ ነው፤ እርጥቡ ግን እንደ ድንች ይላጣል።

ታዲያ ክብ ሆኖ የወረደው ገበቴ ሲደርቅ ክብ አይቀርም። እንጨት በርዝመቱ እምብዛም አይኮማተርም፤ በጎኑ ግን ይኮማተራል። በዕድሜ ቀለበቶቹ ዙሪያማ ከእምብርት ወደ ቅርፊት ካለው እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ አፉ ይሞልላል። ባለሙያው ይህን አልተጋፋም፣ አስቀድሞ አሰበበት እንጂ። ግድግዳውን ዙሪያውን እኩል ያሳሳዋል፤ አንዱ ወገን ወፍሮ ከቀረ ቀጭኑ ቀድሞ ይደርቅና ሲጓተቱ ይሰነጠቃል። ከፀሐይና ከነፋስ ሸሽጎም ቀስ ብሎ ያደርቀዋል። ሞላላውን ‹‹ጠማማ›› ብለን የምንንቀው ፋብሪካ ክብ ያስለመደን እኛ ነን።

በበርክሻየር፣ በባክልበሪ፣ ጆርጅ ሌይሊ የሚባል ሰው ይህንኑ ሥራ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ይዞ ቆየ። ጫፉ በተቆለመመ መሮ ከአንድ የኤልም ጉማጅ ገበቴውን አንዱን ከሌላው ሆድ እያወጣ ይሠራ ነበር። በ1958 ሞተ። ሙያውን የተረከበው አልነበረም፤ ቶርኖውና መሮዎቹ ሬዲንግ ወዳለው የእንግሊዝ ገጠር ሕይወት ሙዚየም ገቡ። በ1990ዎቹ ሮቢን ዉድ የሚባል እንግሊዛዊ ሥራውን ሊያነሣ ሲነሣ የሚጠይቀው ጌታ አላገኘም፤ ከሌይሊ መሣሪያዎችና አሮጌ ገበቴዎች ላይ ከቀረው የመሮ ፋና ነው የጀመረው።