ወፎች በጸደይ ወዴት ይሄዳሉ?

የአገራችን ሰው ጠፍቶ የከረመ ወዳጁን ድንገት ሲያገኘው «አንተ የመስቀል ወፍ!» ይለዋል። ይህ አነጋገር የመጣው ወፉ በመስከረም ከሩቅ አገር መጥቶ በዓሉ ሲያልፍ ተመልሶ ይሄዳል ከሚል እምነት ነው። በየአውራጃው በዚህ ስም የሚጠራው ወፍ አንድ ዐይነት ባይሆንም፥ ቀይና ቢጫ ላባ ለብሰው በማሳው ላይ የምናያቸው ተባዕት ወፎች ከአገር የሚወጡ አይደሉም። በክረምቱ ዝናብ የመራቢያ ጊዜያቸው ሲደርስ ደማቁን ላባ ያወጣሉ፤ ጊዜው ሲያልፍ ግን ድንቢጥ መስለው ይውላሉ። እኛ ሄደ የምንለው ወፍ ልብሱን ለውጦ ከደጃችን እህል ይለቅማል ማለት ነው።

ግሪካዊው ፈላስፋ አርስቶትል ደግሞ በዚሁ ነገር የተሳሳተው በተቃራኒው ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ምዕት ዓመት ስለ እንስሳት በጻፈው መጽሐፍ፥ በሙቀት ወራት የሚታየው ጅራተ ቀይ ወፍ ብርድ ሲገባ ወደ ሌላ፥ ደረተ ቀይ ወደ ሆነ ወፍ ይለወጣል አለ። እውነቱ ግን የመጀመሪያው ወደ አፍሪካ ሲሄድ ሁለተኛው ከሰሜን ወደ ግሪክ አገር ይመጣል። እንግዲህ እርሱ የሄደውን ተለወጠ አለ፤ እኛ የተለወጠውን ሄደ አልን።

ስለ ሌላ ወፍ የጻፈው ግን የሚያስደንቅ ነው። በእንግሊዝኛ ክሬን የሚባለው፥ እግሩና አንገቱ ረጅም የሆነው ግራጫ ወፍ፥ ከእስኩቴስ ሜዳ ተነሥቶ ከግብፅ በላይ ዓባይ ወደሚመነጭበት ረግረግ ይሄዳል ብሎአል። እስኩቴስ የዛሬው የደቡብ ሩሲያና የዩክሬን ሜዳ ነው። ዛሬም ከሩሲያ የሚመጡ ክሬኖች በብዙ ሺህ ሆነው በጣና ሐይቅ ዙሪያ በእርሻ መሬት ላይ ይከርማሉ። አርስቶትል አገራችንን ሳያይ ይህን ማወቁ መንገደኛና ነጋዴ የነገረውን በጥንቃቄ ስላዳመጠ ይመስለኛል።

(በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹን ሁሉ ያስቀመጥኩት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ጸደይ ስልም የአደይ አበባን ወራት ማለቴ አይደለም፤ ብዙ ሰው እንዲህ ሲል ይሰማል፥ እርሱ ግን መፀው ነው። በአባቶች የባሕረ ሐሳብ ቍጥር ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው፤ የአውሮፓው ጸደይ ከዚህ ጥቂት ቀደም ብሎ ይገባል።)

ከአርስቶትል በኋላ የመጡት ሊቃውንት ብዙ አልተሻሻሉም። ስዊድናዊው ሊቀ ጳጳስ ኦላውስ ማግኑስ በ1555 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ከቤት ጣራ ሥር በጭቃ ጎጆ የምትሠራው ባለ መንታ ጅራት ወፍ ክረምቱን በውኃ ውስጥ እንደምታሳልፍ፥ ዓሣ አጥማጆችም በመረባቸው እንደሚያወጧት ጻፈ። በ17ኛው ምዕት ዓመት ቻርልስ ሞርተን የተባለ እንግሊዛዊ መምህር ወፎቹ ወደ ጨረቃ ይበርራሉ እስከ ማለት ደረሰ። ከእነዚህ ይልቅ ነቢዩ ኤርምያስ ይሻል ነበር፤ በ8ኛው ምዕራፍ ሕዝቡን ሲገሥጽ ሽመላ የጉዞዋን ጊዜ የምታውቅ መሆኗን ምሳሌ አድርጎ አቅርቦአልና። ግን ወዴት እንደምትሄድ አልነገረንም።

መልሱን ያመጣች አንዲት የቆሰለች ሽመላ ናት። በ1822 በሰሜን ጀርመን ክሉትስ በምትባል ከተማ አጠገብ ሰዎች አንዲት ነጭ ሽመላ በጥይት ገደሉ። ቀርበው ቢያዩአት 80 ሳንቲሜትር የሚያህል የእንጨት ጦር አንገቷን ወግቶ አልፎ እዚያው ተሰክቶአል። ጦሩ ሲመረመር የአፍሪካ ሰው ሥራ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ይህች ፍጥረት በአፍሪካ ተወግታ ሳትሞት፥ ጦሩን በአንገቷ እንደ ተሸከመች በረሓና ባሕር አልፋ፥ ጸደይ ሲሆን ወደ ጎጆዋ ተመልሳለች። ከዚህ ሁሉ በኋላ የገደላት የገዛ አገሯ ሰው ነው። ገላዋ ተደርቆ እስከ ዛሬ በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል።

ነገሩን በሥርዓት እንዲጠና ያደረገው ግን ጦር ሳይሆን ቀለበት ነው። በዴንማርክ አገር በቪቦርግ ከተማ የነበረው ክርስቲያን ሞርተንሰን የትምህርት ቤት መምህር ነበር። በ1890 በወፍ እግር ላይ የዚንክ ቀለበት ቢያደርግ ከብዶ አስቸገረ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በ1899 ቀላል የአሉሚኒየም ቀለበት ሠርቶ፥ ቍጥርና አድራሻ ጽፎበት፥ በ165 ወፎች እግር ላይ አሰረና ለቀቃቸው። ወፉን በሌላ አገር ያገኘ ሰው በአድራሻው ይጽፋል። በ1901 በባልቲክ ባሕር ዳር በሮሲተን የወፍ ጥናት ጣቢያ ተከፈተና የሽመሎች መንገድ በካርታ ላይ ይሣል ጀመር። የምሥራቅ አውሮፓ ሽመሎች በቦስፎር፥ በሱዌዝና በዓባይ ሸለቆ በኩል ይወርዳሉ፤ የምዕራቦቹ በጅብራልታር በኩል። ሰፊውን ባሕር የሚሸሹበት ምክንያት ቀላል ነው፤ ሽመላ ክንፏን ዘርግታ ከመሬት በሚነሣ ሞቃት አየር ላይ ትንሳፈፋለች፥ ከባሕር ላይ ግን እንዲህ ያለ አየር አይነሣም።

አሁን ወደ አገራችን ጉዳይ ልመለስ። በአዲስ አበባና በደጋው ሜዳ ጠዋትና ማታ እየጮኸ የሚበርረውን ጋጋኖ ሁላችንም እናውቀዋለን። ይህ ወፍ በሰሜን የሚኖር አንድ ዘመድ አለው፤ መላጣ ጋጋኖ ብንለው ይስማማዋል፥ ራሱ ላይ ላባ የለውምና። በቱርክ አገር በኤፍራጥስ ወንዝ ዳር ባለችው በቢሬጂክ ከተማ ይህ ወፍ በገደል ላይ ይራባ ነበር። የከተማው ሰው ኖኅን ከመርከቡ ወደ ሸለቆው የመራው ይህ ወፍ ነው እያለ ያከብረው፥ በየካቲት አጋማሽ ሲመጣም ጸደይ ገባ ብሎ በዓል ያደርግለት ነበር። ወፎቹ የት ከርመው እንደሚመጡ ግን በበዓሉ ላይ ከሚዘፍኑት መካከል የሚያውቅ አልነበረም።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ በቢሬጂክ ብዙ መቶ ጥንድ ነበሩ። በዚያው ዘመን አንበጣንና የወባ ትንኝን ለማጥፋት ዲዲቲ የተባለው መርዝ ተረጨ፤ ወፎቹም ተመርዘው በብዛት አለቁ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ከሩቅ የሚመለስ ወፍ ጠፋ። በመካከለኛው ምሥራቅ ዘራቸው አለቀ ተብሎ ተጻፈ።

ነገር ግን በ2002 ጂያንሉካ ሴራ የተባለ ጣሊያናዊ የተፈጥሮ ሊቅ በሶርያ በፓልሚራ በረሓ 7 ወፎች አገኘ። መንገዱን ያመለከቱት የበረሓው ዘላኖች ናቸው። በ2006 በሦስቱ ላይ ከሳተላይት ጋር የሚገናኝ ትንሽ መሣሪያ ታሰረ፤ ስማቸውም ሰላም፥ ሱልጣንና ዜኖቢያ ተባለ። ወፎቹ ተነሥተው በሳዑዲ ዐረቢያና በየመን አልፈው፥ ቀይ ባሕርን ተሻግረው፥ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ያረፉት በኢትዮጵያ ደጋ፥ ከአዲስ አበባ ብዙ በማይርቅ የእርሻና የግጦሽ መሬት ላይ ነው። ሲመለሱም በሌላ መንገድ፥ በኤርትራና በሱዳን በኩል ወደ ሶርያ ወጡ። ገበሬዎቻችን ከብት በሚያግዱበት ሜዳ ትል ሲለቅሙ የከረሙት እነዚህ ወፎች፥ ዓለም ሞቱ ብሎ ያዘነላቸው መሆናቸውን ማን ይገምታል?

የሚያሳዝነው ቀጥሎ ያለው ነው። የዚህ ወፍ ጫጩት መንገዱን የሚማረው ከታላላቆቹ ጋር ሲሄድ ነው። በሶርያ የተፈለፈሉት ወጣቶች ብቻቸውን እየሄዱ በአዳኝ ጥይትና በኤሌክትሪክ ሽቦ ጠፉ። ቍጥራቸው ከዓመት ወደ ዓመት አንሶ መንገዱን የምታውቅ ዜኖቢያ ብቻ ቀረች። በግንቦት 2015 ፓልሚራ በጦርነት ስትያዝ የተያዙትን ወፎች የሚጠብቁት ዘበኞች ሸሹ። ዜኖቢያ ያለችበትን ለሚያመለክት ሰው 1,000 ዶላር ወሮታ ተነገረ።

በአውሮፓ ሊቃውንት ሌላ ዘዴ ይዘዋል። ከ2004 ጀምሮ በሰው እጅ ያደጉ ጫጩቶችን በትንሽ አውሮፕላን እየመሩ የአልፕስን ተራራ አሻግረው ወደ ጣሊያን ያደርሷቸው ነበር፤ በ2011 አንዲት ወፍ ከዚያ ተነሥታ ወደ ጀርመን በራሷ ተመለሰች። በቢሬጂክ ደግሞ በጣቢያ የሚረቡት ወፎች ከ200 በላይ ሆነዋል፤ ነገር ግን የመሄጃቸው ጊዜ ሲደርስ በሽቦ ቤት ይዘጋባቸዋል፥ የሄደው ስለማይመለስ።

ከመካከላችን የሰሜን ሸዋ ልጆች ለዕረፍት ወደ ቤታቸው ሲሄዱ፥ ወላጆችም በማሳቸው፥ ሁለቱን መለየት ይችላሉ። የእኛ ጋጋኖ በክንፉ ላይ ነጭ ምልክት፥ በጉሮሮው ላይ የተንጠለጠለ ሥጋ አለው። እንግዳው ጥቁር ሆኖ አረንጓዴና ሐምራዊ ያብለጨልጫል፤ ፊቱ መላጣና ቀይ ነው፤ ምንቃሩም ረጅም፥ ቀይና ቈልመም ያለ ነው።