ወረርሽኝን በመስክ መማር፦ የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ የድኅረ ምረቃ ትምህርት በኢትዮጵያ

የኢትዮጵያ የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ2009 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተጀመረ፤ የሁለተኛ ዲግሪ የሚያሰጥ የሁለት ዓመት ትምህርት ነው። ከጊዜው ሩብ ያህሉ በክፍል ያልፋል። በቀረው ተማሪው በጤና ተቋማት ተመድቦ የበሽታ ቅኝት መረጃ ይተነትናል፤ ወረርሽኝ ሲነሣም ወደ ቦታው ይወጣል።

አርአያው ከአትላንታ የመጣ ነው። አሜሪካዊው ኤፒዲሚዮሎጂስት አሌክሳንደር ላንግሚዩር በ1951 የወረርሽኝ መርማሪዎችን አገልግሎት ሲመሠርት የኮሪያ ጦርነት ተፋፍሞ ስለነበር የጀርም ጦር መሣሪያ ስጋት ሐሳቡን አግዞታል። የተፈራው ጥቃት ሳይመጣ ቀረና ሠልጣኞቹ በ1955 ያልሞተ ቫይረስ የቀረበትን የፖሊዮ ክትባት ጉዳት ለመከታተል ተሰማሩ። ለኢትዮጵያም ሐሳቡ ጨርሶ እንግዳ አልነበረም፤ በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የኅብረተሰብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን ያሠለጠነው ሥራቸውን ከመንደር ጋር አያይዞ ነው።

ተመራቂው የሚያቀርበው እንደ ሌሎቹ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች አንድ ጥናት ሳይሆን የሥራዎች ስብስብ ነው። የወረርሽኝ ምርመራ ዘገባ፣ የቅኝት መረጃ ትንተና፣ የቅኝት ሥርዓት ግምገማ፣ የአንድ ወረዳ የጤና ገጽታና የምርምር ንድፍ በአንድ ጥራዝ ይጠረዛሉ። ዝና የሚያስገኘው የወረርሽኝ ምርመራው ቢሆንም ዝግጁነትን አጥብቆ የሚያስተምረው የቅኝቱ ክፍል ነው ማለት ይቻላል።

ወባን እንውሰድ። በ1958 በደጋማው አካባቢ የተነሣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህል እንደገደለ ይገመታል። ዛሬ ወረዳዎች እንዲህ ያለውን ጎርፍ ቀድመው ለማየት ገደብ ያሰላሉ፦ ለእያንዳንዱ ሳምንት ያለፉት 5 ዓመታት የታማሚ ቁጥሮች ይደረደሩና በትልቅነት ሁለተኛው ይያዛል፤ የዘንድሮው ቁጥር ከዚህ ገደብ ከበለጠ ወረርሽኝ ይጠረጠራል። ትልቁ የማይወሰደው እሱ ራሱ የወረርሽኝ ዓመት ሊሆን ስለሚችል ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ችግሩ መዝገቡ ላይ ነው። ባዶ የተተወ ሳምንት ታማሚ አለመኖሩን ያሳይ ወይስ ጤና ኬላው ሪፖርት አለመላኩን? ሁለቱን ያምታታ ተማሪ ገደቡን ዝቅ አድርጎ በከንቱ ያስደነግጣል።

ኩፍኝ ሌላ ወጥመድ አለው። 1,000 ሕፃናት ባሉበት ቀበሌ 900ው በ9 ወራቸው ተከትበዋል እንበል። በዚያ ዕድሜ የሚሰጠው አንድ ክትባት ከመቶ 85 ያህሉን ስለሚጠብቅ፣ ከተከተቡት 135፣ ካልተከተቡት ደግሞ 100 ለበሽታው ተጋላጭ ሆነው ይቀራሉ። ወረርሽኙ ሲገባ ከታማሚዎቹ የሚበዙት የተከተቡት ይሆናሉ፤ ነዋሪውም፣ አንዳንዴ የወረዳው ኃላፊም፣ «ክትባቱ አይሠራም» ይላል። ታማሚዎችን ብቻ ቆጥሮ የተመለሰ ተማሪ ለዚህ መልስ የለውም። ያልታመሙትንም ጠይቆ ያነጻጸረ ግን ያልተከተበ ሕፃን የመታመም ዕድሉ ከ6 እጥፍ በላይ መሆኑን በቁጥር ያሳያል።

የሰው ኃይሉን በተመለከተ፣ የዓለም አቀፍ የጤና ደንቦች አፈጻጸም የሚለካበት የጋራ ግምገማ ለ200,000 ሰው አንድ የሠለጠነ የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ ባለሙያ እንዲኖር ግብ አስቀምጧል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2016 ይህን ግምገማ አካሂዳለች፤ ከ100 ሚሊዮን በላይ ለሆነ ሕዝብ ስሌቱ ከ500 በላይ ባለሙያ ይጠይቃል። ሁሉንም በሁለት ዓመት ዲግሪ ማፍራት አዝጋሚ ስለሆነ፣ ለወረዳ ሠራተኞች የ3 ወር አጭር ሥልጠና ታክሏል።

ትምህርቱ ከተላላፊ በሽታ ውጭ ሲወጣ ይሳሳል። ድርቅ፣ ጎርፍና መፈናቀል በሥራዎቹ ስብስብ ውስጥ የሚያገኙት ቦታ ጠባብ ነው፤ የምግብ እጥረት ልየታም ሆነ የመጠለያ ውኃ አቅርቦት ግን የክልል ባለሙያን ከወባ ባልተናነሰ ያደክማሉ። ሥርዓተ ትምህርቱ ሲከለስ መጀመሪያ መስፋት ያለበት ይህ ክፍል ነው።