ምረቃና ጥገና

መንገድን በተመለከተ በአማርኛችን ሁለት ቃላት አሉ፤ አንዱ የከበረ፣ ሌላው የተረሳ። የከበረው «ምረቃ» ነው። አባት ልጁን ይመርቃል፤ ባለሥልጣን አስፋልት ይመርቃል። ሪባን ይቆረጣል፣ ይጨበጨባል፣ ማታ ዜና ይሆናል። የተረሳው «ጥገና» ነው። ይህኛው ወጌሻ ቤት የሚያውቀን ቃል ነው፤ የተሰበረ አጥንት ይጠገናል። እስቲ ለጥገና ሪባን ሲቆረጥ ያየ ማን ነው? የዛሬው ጨዋታችን ስለ ሁለቱ ቃላትና በመካከላቸው ስለተዘረጋው ጥቁር ነገር፣ ስለ ሬንጅ ነው።

ሬንጅ የትናንት ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። ኦሪት ዘፍጥረትን የገለጠ ሰው የባቢሎን ግንበኞች ጡቡን ያያያዙት በምድር ዝፍት እንደነበር ያነባል። የሙሴ እናትም ልጇን ወንዝ ዳር ያኖረችበትን ሣጥን በዝፍት ለቅልቃዋለች። በዛሬዋ ፓኪስታን በሞሄንጆ ዳሮ ከ4,000 ዓመት በፊት የተሠራው ትልቅ መታጠቢያ ውኃ እንዳያሰርግ የተለሰነው በዚሁ ነገር ነው። ያን ጊዜ ዝፍቱ ከመሬት እየፈለቀ ይገኝ ነበር። ሥራው ግን ያኔም ዛሬም ያው ነው፤ አንዱን ከሌላው ማያያዝና ውኃን መከልከል።

የዛሬው ሬንጅ በአብዛኛው የሚመጣው ከነዳጅ ማጣሪያ ነው። ድፍድፉ ሲሞቅ ቀላል ቀላሉ እየተነነ ይወጣል፤ ቤንዚኑ፣ ነጭ ጋዙ፣ ናፍጣው። በመጨረሻ ከታች የሚቀረው አተላው ነው። አዎ፣ መኪና የምንነዳበት አስፋልት የነዳጅ አተላ ነው! አተላ ስለሆነ ግን የትም አይደፋም። በጣም ከለሰለሰ ትኩስ አየር እየተነፋበት እንዲጠነክር ይደረጋል። ከዚያም ይፈተናል፤ 100 ግራም የከበደ መርፌ በ25 ዲግሪ ሙቀት ለ5 ሰከንድ ይቆምበትና ምን ያህል እንደሰመጠ ይለካል። በርሜሉ ላይ «80/100» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ፣ መርፌው ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር የሚሰምጥበት ሬንጅ ነው ማለት ነው።

ቅልቅሉ ደግሞ የወጥ ቤት ሙያ ይመስላል። ከ100 ኪሎ አስፋልት ውስጥ ሬንጁ 5 ኪሎ ገደማ ቢሆን ነው፤ የቀረው ጠጠር፣ አሸዋና የድንጋይ ዱቄት ነው። ሁለቱ የሚዋሃዱት በ150 ዲግሪ አካባቢ ሲሞቁ ነው። ከዚያ በታች ከቀዘቀዘ ጠጠሩን በደንብ አይለብሰውም፣ ሮለርም አይጠቀጥቀውም። ሙቀቱ ከበዛ ወይም እሳት ላይ ከቆየ ደግሞ ልክ እንዳረረ ወጥ ነው፤ ገና ሳይነጠፍ ያረጃል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል።

በደንብ የተነጠፈውም ቢሆን ያረጃል። ፀሐይና አየር ቀስ በቀስ ያደርቁታል፤ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ይወጣበታል። ክረምት ሲገባ በዚያች ስንጥቅ ውኃ ይገባል፣ ከሥር ያለውን አፈር ያላላል። ከዚያ ከባድ መኪና ያልፋል። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ የተካሄደ ትልቅ ሙከራ እንዳሳየው፣ በአንድ የመኪና አክስል ላይ ያረፈው ጭነት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት 16 እጥፍ ገደማ ይሆናል። እንግዲህ ከልኩ በላይ የጫነ አንድ መኪና የስንት ሰው መንገድ ይዞ እንደሚሄድ አስሉት። ስንጥቋ በጊዜዋ ብትደፈን ግን ጥቂት ሬንጅና ጥቂት ጠጠር ይበቃት ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶቻችን ይህን የመሰለውን ነው።

ታሪካችን ስለዚህ ጉዳይ ምን ይላል? ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ሲወር መንገድ ሠራ፤ ለኛ ብሎ ሳይሆን ለጦሩና ለቅኝ ግዛቱ ብሎ። ተራራ በሳ፣ ድልድይ ጣለ፣ አስፋልት አነጠፈ። በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ መንገዱ ቀረ። የቀረው ግን መንገዱ ብቻ ነው፤ የሚጠግነው ድርጅት፣ ገንዘብና መሣሪያ አብሮ አልቀረም። ከዚያ በኋላ አሥር ክረምት ወረደበት። በመስከረም 1943 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ ብድር ስታገኝ 5 ሚሊዮን ዶላሩ የተመደበው ለመንገድ ነበር። ባንኩ ለአፍሪካ ካበደረው ሁሉ የመጀመሪያው መሆኑ ነው! ዋናው ጉዳይም የተበላሸውን መልሶ ማቅናትና መጠበቅ ነበር። በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ መጀመሪያ የመሩትም የአሜሪካ የመንገድ ባለሙያዎች ነበሩ። ልብ በሉ፤ ይህን ትልቅ መሥሪያ ቤት የወለደው ምረቃ አይደለም፤ የጥገና እጦት ነው።

ማጣሪያም ነበረን። ጃንሆይ በ1951 ዓ.ም. ሶቪየት ኅብረትን በጎበኙ ጊዜ ከተገኘው ብድር የተሠራው የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ጀመረ። ሠላሳ ዓመት ኖሮ፣ አሰብ በነፃዋ ኤርትራ ስር ከሆነች ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ማስኬጃው ውድ ሆነ ተብሎ ተዘጋ። ፋብሪካም እንደ መንገድ ነው፤ መትከሉ አንድ ጊዜ ነው፣ ማኖሩ የዕለት ተዕለት ወጪ ነው።

የሚገርመው፣ በዚያው እ.ኤ.አ. በ1997 የመንገድ ፈንድ በአዋጅ ተቋቋመ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ነዳጅ የቀዳ ሁሉ ከሚከፍለው ዋጋ ላይ ጥቂት ለጥገና ይቀመጣል፣ በመንገዱ የተጠቀመ መንገዱን ይጠግናል ማለት ነው። ለዚህ ሐሳብ መነሻ የሆነው መራራ ስሌት ነበር። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣው ጥናት፣ 85 ታዳጊ አገሮች ባለመጠገን ብቻ 45 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ መንገድ አጥተዋል። በጊዜው ቢጠገን ኖሮ 12 ቢሊዮን የማይሞላ ገንዘብ ይበቃ ነበር። አራት ብር ገደማ የጠፋው አንዷን ብር ለመቆጠብ ሲባል ነው!

ታዲያ ለምን እንዲህ ሆንን? ዓለም ባንክ የቆጠረው 85 አገር ስለሆነ የኛ ብቻ ጠባይ ነው ብዬ ራሳችንን አልወቅስም። ጥገና ግን ስም አያስጠራም። በደንብ የተጠገነ መንገድ ላይ ምንም አይታይም፤ ባለሙያው የደከመው ምንም እንዳይታይ ነውና። በሐምሌ ዝናብ የተዘጋ ቦይ የሚከፍተውን ሠራተኛ ፎቶ የሚያነሳው የለም። የጉድጓዱን ዋጋ ግን ሁላችንም እንከፍላለን፤ ባለታክሲው በባሌስትራው፣ ነጋዴው በተበላሸ ቲማቲሙ፣ ምጥ የያዛት እናት በየሜዳው በሚንገጫገጭ መኪና ውስጥ።

ዛሬም በየከተማው አዲስ አስፋልት እየተነጠፈ ነው፤ ደስ ይላል፣ ይነጠፍ። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። በሚቀጥለው ምርቃት ላይ፣ ሪባኑ ከመቆረጡ በፊት፣ ሁለት ጥያቄ ይመለስልን፤ የመጀመሪያዋን ስንጥቅ የሚደፍነው ማን ነው? ገንዘቡስ የት ተቀምጧል? መልሱ ከተገኘ እኛም አብረን እናጨብጭብ።